ብረቱን እንሰረው፣ መታሰሩንም እናስመርምር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ከጉሊት የገዛችሁትን እስር ቆስጣ ገልብጣችሁ እዩት። ሥሩ ላይ የቀረው ጥቁር ጭቃ በውኃ ይለቃል። ቅጠሉ ውስጥ የገባ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ግን በሎሚም በአቼቶም አይለቅም።

የቆዳ ፋብሪካው፣ የጋራዡ፣ የሠፈሩ ፍሳሽ ስንት ዓመት አቃቂ ወንዝ ሲገባ ኖረ! በዚያው ውኃ ጎመን አጠጣን። ዋልካው ክሮሚየሙንም፣ እርሳሱንም፣ ካድሚየሙንም አጠራቀመው። እርሳስ እንደ ፍግ በስብሶ አያልቅም፤ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል።

ያን ሁሉ አፈር ቆፍሮ ማን ወዴት ይጭነዋል? ብረቱን እዚያው አፈሩ ውስጥ እንሰረው!

አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ ካድሚየሙን ያስረዋል። የአጥንት ዱቄት ውስጥ ያለው ፎስፌት ደግሞ እርሳስን ይዞ በቀላሉ ወደማይሟሟ ማዕድን ይለውጠዋል። ካሊፎርኒያ፣ ዌስት ኦክላንድ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. እርሳስ ያለበት የመኖሪያ ግቢ አፈር የታከመው በተፈጨ የዓሣ አጥንት ነው። የኛን የሥጋ ቤት አጥንት ውሻ ይጎትተዋል!

በጭፍን ግን አትበትኑ። ፎስፌት አርሰኒክ ካለ ያስለቅቀዋል። መርዘኛውን ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ኖራ አይዘውም። አስቀድማችሁ አስመርምሩ።

ከታከመም በኋላ «አልቋል» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ብረቱ እዚያው ስላለ የጠቅላላ እርሳስ ምርመራ ፊትም ኋላም ያንኑ ቁጥር ነው የሚያመጣው፤ አትደናገጡ። «ስንቱ ይለቀቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። አፈሩ ደካማ አሲድ ውስጥ 18 ሰዓት ያህል ይገላበጥ፣ የተጣራው ፈሳሽ ይለካ። ከታከመውና ካልታከመው መደብ ቆስጣ ይወሰድ፣ ቅጠሉ ይመርመር። ክረምት ሲያልፍ ይደገም፤ በዓመቱም ይደገም፤ አፈሩ ከኮመጠጠ የታሰረው ይፈታልና።

ገበሬዎች፣ ሁለት መደብ ለሙከራ ስጡ። ሥጋ ቤቶች፣ አጥንቱን አትጣሉ፤ ተቀቅሎ፣ ደርቆ ይፈጭ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ እዚህ ፈልጉ፤ መሣሪያው ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ሸማቾች፣ ጎመኑ የት እንደበቀለ ጠይቁ፣ ገበሬውን ግን አትሽሹት፤ ከኛ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ እንዳይለቁ ሁላችንም እንጩህ፤ ከላይ እየፈሰሰ ከታች ብናስር ምን ዋጋ አለው?

በዚህ ሳምንት አካፋና ንጹሕ ባልዲ ያዙ። ከማሳው አምስት ቦታ፣ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ቆፍሩ፤ ቀላቅሉ፣ በጥላ አድርቁ፣ ከረጢቱ ላይ ቀኑንና የማሳውን ቦታ ጻፉ። ቤተ ሙከራው በር ላይ እንገናኝ።