ሰርቨሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንን ነው የሚጠብቀው?

ባለፈው ሴሚስተር ላብ ውስጥ አንድ ረድፍ ኮምፒውተሮች መብራት ሄደባቸው። ሰርቨሩና ስዊቹ ዩፒኤስ ስላላቸው አልጠፉም። ከጠፉት ማሽኖች በአንዱ ይሠራ የነበረ ልጅ ትራንዛክሽን ከፍቶ የአንድ ኮርስ ሪከርድ አስተካክሎ ነበር፤ ኮሚት ግን አላደረገም። ከዚያ በኋላ ያንን ሪከርድ ለመቀየር የሞከርን ሁሉ ፕሮግራማችን ቀጥ አለ። ግማሹ ኮዱን ማገላበጥ ያዘ፣ ግማሹ ኔትወርኩን ረገመ። በመጨረሻ ሰርቨሩ ሪስታርት ተደረገ፤ የሌሎቻችንም ያላለቀ ሥራ አብሮ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም ብቻ ሲሞት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግንኙነቱን ይዘጋና ሰርቨሩ ያውቃል። ማሽኑ ራሱ ድርግም ሲል ግን የሚናገር የለም። ሰርቨሩ ሰውየው ዝም ያለ ይመስለዋል፤ ሎኩንም ይዞ ይቀመጣል። ኪፕአላይቭ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ዝምታው ሲረዝም «አለህ ወይ?» ብሎ ትንሽ ፓኬት መላክ። ፖስትግሬስ ካልነገሩት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ቁጥር ነው የሚወስደው። ሊኑክስ ደግሞ መጀመሪያ 7200 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ በየ75 ሴኮንዱ 9 ጊዜ ይጠይቃል። ደምሩት፤ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ!

ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 ነው ከሁለት ሰዓት እንዳያንስ ያለው። በፓኬት ሂሳብ የሚከፈልበት መስመር ላይ ወጪ ያመጣል፣ መስመር ለአፍታ ሲቋረጥም ደህናውን ግንኙነት ይበጥሳል የሚል ስጋት ነበር። የመጀመሪያው ስጋት ለላባችን አይሠራም። ሁለተኛው ግን ይሠራል፤ ስለዚህ 10 ሴኮንድ ይደረግ አልልም። አይድል 60፣ ኢንተርቫል 10፣ ካውንት 5 ቢሆን የሞተው ማሽን በ110 ሴኮንድ ይታወቃል። ሦስት መስመር ነው፤ ሪስታርትም አይፈልግም፣ ሪሎድ ይበቃዋል።

ይህን ክፍል ውስጥ ለምን አንማረውም? ኖርማላይዜሽን ስንት ሳምንት ወስዶብናል። ቤት ስንለማመድ ደግሞ ሰርቨሩም ደንበኛውም አንድ ላፕቶፕ ላይ ናቸው፣ አብረው ይጠፋሉ፤ ችግሩን እንዴት እናየዋለን?

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ትራንዛክሽን ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ የወጣውን ልጅ ኪፕአላይቭ አይዘውም፤ ማሽኑ «አለሁ» እያለ ይመልስለታላ። ለእሱ ከ9.6 ቨርዥን ጀምሮ አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት የሚባል ሌላ ሴቲንግ አለ፤ እሱም ላባችን ውስጥ እስካሁን ዜሮ ላይ ነው ያለው።