የመስከረም ዝናብ፣ የሐረማያ ሐይቅና የድሬዳዋ ቀብድ

መስከረም በጠባ ቁጥር በድሬዳዋ ገበያ አንድ ወሬ መናፈሱ አይቀርም። አንዱ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው ይላል፤ ሌላው ዘንድሮስ ቀርቷል ይላል። ወሬው ከሬዲዮ ትንበያ ይነሣ ከጭነት መኪና ሹፌር አፍ የሚያጣራ የለም። በማግስቱ ግን ለድንች፣ ለሽንኩርትና ለጫት ቀብድ መክፈያ ምክንያት ሆኖ ይገኛል። ዝናቡ ጥሩ የሆነው የት ነው? እስከ መቼስ? ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥቂት ነው።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ ከፍታው 2,000 ሜትር ይጠጋል። የከተማችን የአትክልትና የጫት ዋጋ የሚቆረጠው እዚያ ላይ፣ በሐረማያና በአዴሌ ሐይቆች ዙሪያ ባለው ማሳ ነው። ከዚራ ላይ ሆኖ ሰማይ ማየት ለዚህ አይረዳም። ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላውን ምን እንደሚያደርግ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት አሳይቶናል። ከ200 በላይ ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ ወንዙን ተማርን፤ ገበያውን ግን ገና አልተማርንም።

ትንበያውስ ምን ይላል? የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ፣ የወቅት አዝማሚያ ያወጣል። ለእኛ የሚበጀን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን የሚሸፍነው የበጋው ነው። አዝማሚያው የሚሰጠው በሦስት መደብ ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ ‹‹ከመደበኛ በላይ›› የሚለው ከመቶ 45 ቢሰጠው ነጋዴው ዝናብ ተረጋገጠ ብሎ ይይዘዋል። የቀረው 55 ግን ወዴት ሄደ? ከመቶ 45 በሚሆነው ዕድል ላይ ሙሉ ካፒታሉን የሚያስይዝ ነጋዴ በሌላ ጉዳይ ቢሆን ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር።

ሌላው ስሕተት ‹‹ምሥራቅ ኢትዮጵያ›› የሚለውን ቃል እንደ አንድ አገር መውሰድ ነው። ድሬዳዋ የተቀመጠችው በሁለት የዝናብ አቆጣጠሮች መካከል ነው። በስተሰሜን የሺኒሌ ቆላ አርብቶ አደር ካረን የሚለው ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ መስከረም ሲያልቅ ያበቃል። በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል ደግሞ ደይር የሚባለው ዝናብ የሚጀምረው ያን ጊዜ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ኤልኒኖ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይቀንሳል፣ ሁለተኛውን ያበዛል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሲቲ ዞን ከብት ያለቀው በኤልኒኖ ዓመት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሶማሌ ክልልን ጎርፍ ያጥለቀለቀውም በኤልኒኖ ዓመት ነው። ስለዚህ ‹‹ኤልኒኖ መጣ›› የሚለውን ሰምቶ በሁለቱም አቅጣጫ ከብት ርካሽ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ነጋዴ በአንደኛው በኩል ይሳሳታል። ሣርና ውሃ ያገኘ አርብቶ አደር ከብቱን ይይዛል እንጂ አይሸጥም።

ወደ ሐይቁ እንመለስ። ለሐረማያ ገበሬ ከዝናቡ ብዛት ይልቅ የሚቆምበት ቀን ይበልጣል። ዝናቡ በመስከረም አጋማሽ ቢቋረጥ ገና ፍሬ የሚይዘው ማሽላ ይጎዳል። እስከ ጥቅምት ከቀጠለ ማሽላው ይጠቀማል፤ እርጥበቱ ግን ድንቹን ለበሽታ ይዳርገዋል፣ የተነቀለውን ሽንኩርት ያበሰብሰዋል። ኅዳር ላይ ቢመጣ ደግሞ የታጨደውን እህል ያበላሻል። ጫት በዝናብ ጊዜ ቅጠሉ ይተርፈውና ዋጋው ይወድቃል፤ ሲደርቅ መስኖ ያለው ብቻ ይሸጣል፣ አወዳይም ይወደዳል። አንድ ዝናብ ለአንዱ ሸቀጥ ትርፍ፣ ለሌላው ኪሳራ ነው። ይህን ሁሉ ‹‹ጥሩ ነው›› በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ቀብድ መስጠት እንዴት ይቻላል?

ዝናቡ ሲያበቃ ፓምፑ ይነሣል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ መድረቅ የደረሰው ዝናብ ስለቀረ ብቻ አልነበረም። ለጫትና ለአትክልት የሚሳበው ውሃ፣ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ከኮረብታው የሚወርደው ደለል ተደራርበውበት ነው። በኋላም ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ዳገቱን ሽቅብ ይገፋላት ጀመር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ መመለሱ ሁላችንንም አስደስቶናል። ደስታው ግን ነጋዴውን ማዘናጋት የለበትም። በመስከረም የሞላ ሐይቅ የየካቲት ድንች ዋስትና አይደለም፤ በመካከሉ ያሉት ወራት የፓምፕ ወራት ናቸውና።

በእኔ እምነት ኢንስቲትዩቱ ለምሥራቅ ሐረርጌ ደጋና ለድሬዳዋ ቆላ የተለያየ አዝማሚያ ቢያወጣ፣ ዝናቡ የሚያቆምበትንም ሳምንት ግምት ቢጨምርበት ለገበያው ከፍተኛ አገልግሎት ይሆን ነበር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ቢነገር ደግሞ ደላላው፣ ገበሬውና አርብቶ አደሩ እኩል ይሰሙታል። ዛሬ ቀድሞ የሚሰማው ደላላው ነው፤ ገበሬው ማሳው ላይ ያለውን ድንች ሲዋዋል ደላላው የሰማውን አልሰማም።

እስከዚያው ድረስ የዘንድሮን ቀብድ በሁለት ከፍሎ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ደንገጎን ወጥቶ ማሳውን በዓይን ካዩ በኋላ መክፈል ይቻላል። ገበሬው ለዚህ መጠባበቂያ ጥቂት ብር ቢጨምርበት እንኳ ከበሰበሰ ሽንኩርት ይረክሳል።