«ወላጅ አምጣ!» ከተባልንበት ዘመን ያልወጣን ወላጆች

ባለፈው ጥቅምት ወር ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ ት/ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የት/ቤቱ ስም ይቆየን። የተነሳው ጉዳይ ግን ቀላል አልነበረም፤ በሚቀጥለው ዓመት የትኛው ተማሪ ከፍ ወዳለው የሒሳብ ክፍል እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር የሚወሰንበትን መንገድ ለወላጅ ለማስረዳትና አስተያየት ለመቀበል ነው። በአዳራሹ ጥግ አንዲት ወገናችን «አማርኛ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አቁማ፣ የትርጉም ማዳመጫዎቿን በሳጥን ደርድራ ተቀምጣለች። ስብሰባው ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ሳጥን ማዳመጫ ያነሳነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። እውነቱን ለመናገር እኔም ያነሳሁት እንግሊዝኛው ከብዶኝ ሳይሆን ሴትዮዋን ዝም ብሎ ማየት ስላሳፈረኝ ነው። በዚያ ት/ቤት የሐበሻ ልጅ የሌለበት ክፍል ግን የለም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እዚያው ሰፈር የፖለቲካ ስብሰባ ተጠራ። ወንበሩ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ «ሕዝብ ሳይጠየቅ የተወሰነ ውሳኔ ሕዝብን አያስርም!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ወደ መኪናዬ ስሄድ ግን ጭብጨባዬ አሳፈረኝ። ለመሆኑ ሐሙስ ዕለት «ኑና ሐሳባችሁን ስጡ» ተብለን የቀረን ሰዎች፣ ቅዳሜ ዕለት «ለምን አልተጠየቅንም?» ብለን የምንጮህበትን ሞራል ከየት አመጣነው?

አባቶቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብለው ተርተዋል። ሲጠሩት ዝም ለሚል ግን ተረት አላዘጋጁለትም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም መሰለኝ።

«ይህ ሰው የሁለት ሥራ ኑሮ አያውቅም እንዴ?» የሚል ወገን እንደሚኖር አውቃለሁ። አሳምሬ አውቀዋለሁ! ሌሊቱን ፓርኪንግ ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት ታክሲ የሚይዝ አባት፣ ከአንዱ ነርሲንግ ሆም ወጥታ ሌላው የምትገባ እናት ስንፍና የሚባል ነገር አያውቁም። ነገር ግን እንተማመን። ያው ሰው ለልቅሶ እስከ ሪችመንድ ይነዳል። ከእቁቡ አይቀርም። ኤች.አር. 2003 የተባለው የኢትዮጵያ የዴሞክራሲና የተጠያቂነት ረቂቅ ሕግ እንዲያልፍ የኮንግረስ አባላትን ደጅ የጠናን፣ ስልካቸውን ያጨናነቅን እኛው ነን፤ ረቂቁም ኋላ በሴኔት ቢቀርም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ነበር። ያን ጊዜም ሁለት ሥራ ነበረን። ስለዚህ ችግሩ የጊዜ ብቻ አይደለም። ችግሩ ት/ቤት ሲጠራን በጆሮአችን የሚያቃጭለው ቃል ነው።

የሚያቃጭለው «ወላጅ አምጣ!» የሚለው ነው።

አገር ቤት የተማርን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ልጅ ሲያረፍድ፣ መስኮት ሲሰብር፣ ሲደባደብ «ወላጅ አምጣ!» ይባላል። ቤት መናገር የፈራ ልጅ አንዱን ጎረምሳ ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። ያልፈራ ደግሞ አባቱን ያመጣል፤ አባትም ኮቱን ደርቦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በዩኒት ሊደሩ ፊት ቆሞ ይወቀሳል። ሌላው ጥሪ በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች በዓል ነው፤ ያም ደረጃ የወጡት ሲሸለሙ ለማጨብጨብ ነው። በገጠር ጥሪው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በገበያ ቀን በቀበሌው ሹም አፍ ይነገራል፤ ትርጉሙም ያው መዋጮ ነው። ድንጋይ አቅርቡ፣ እንጨት አምጡ፣ ለቆርቆሮ አዋጡ። እንግዲህ ወላጅ የሚጠራው ወይ ለመወቀስ፣ ወይ ለማጨብጨብ፣ ወይ ለመክፈል ነው። «ምን ትላለህ?» ለመባል የተጠራበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ ይንገረኝ።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የየመንግሥታቱ አሠራር ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ሲዘጋጅ መምህሩም ወላጁም በወሬ ነው የሰሙት። የድሃ ልጅ ከጥቂት ዓመት ትምህርት በኋላ ወደ እርሻው ሊመለስ ነው የሚለው ስጋት አገሩን ሞላው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት ጥናቱን አገደ፤ አብዮቱን ግን ማገድ አልቻለም። ደርግ መጥቶ በየት/ቤቱ ኮሚቴ ሲያቋቁም ቀበሌውን አብሮ አስገባ። ኢሕአዴግ በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ት/ቤቶች በሕዝብ ተሳትፎ በዴሞክራሲያዊ መንገድ እንደሚመሩ ጻፈ፤ ወላጅ መምህር ኅብረት፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የሚባሉም ተቋቋሙ። በወረቀት ሲያነቡት እንዴት ያምራል! በተግባር ግን ቦርዱን የሚመራው የቀበሌው ሹም፣ ሹሙን የሚመራው ፓርቲው ሆነ። ለገበሬው የደረሰው ድርሻ ያው ድንጋይና እንጨት ነው። ከድህነቱ ቀንሶ ስንቱን ክፍል እንደሠራ ያገሩ ኮረብታ ይመስክር። በሠራው ክፍል ውስጥ ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ ግን ማን ነገረው?

መልሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 መጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። በሚቀጥለው ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። ይህን ያስታወቁት በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ እዚህ ዋሽንግተን ስማቸውን እየጠራን የፎከርንላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ናቸው። ቁጥሩን ሳይሸፋፍኑ መናገራቸውን አልነቅፍም። እኔ የማነሳው ሌላ ነው። ያ ወላጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ከክፍሉ አምስተኛ»፣ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ እየፈረመ ሲመልስ ኖሯል። ልጁ እንዳልተማረ የሰማው ከዜና ነው! ይህ ማሳወቅ ነው? ይህስ መርዶ ነው። በአማራ ክልልም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ወዲህ በተቀጣጠለው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ት/ቤቶች ተዘግተው ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ሲርቁ፣ ይከፈት ይዘጋ ብሎ ወላጁን ማን ጠየቀው?

እንግዲህ ይህን ሁሉ በልባችን ይዘን ነው ዳለስ ኤርፖርት የወረድነው። ሻንጣችን ሲፈተሽ እርሱ አልተፈተሸም።

ሞንጎመሪ ካውንቲ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ የያዘ የት/ቤት አስተዳደር አለው። ለወላጅ ከሚያወጣቸው መልእክቶች ብዙዎቹ በአማርኛም ይወጣሉ፤ አስተርጓሚም አለ። አሌክሳንድሪያም እንደዚሁ ነው። በሞንጎመሪ የልጁ ውጤትና ቀሪው የሚታይበት ፓረንትቪው የሚባል ፕሮግራም አለ። የይለፍ ቃሉ ያለው ግን ልጁ ዘንድ ነው! አካውንቱን የከፈተው ልጁ፣ ኢሜሉን የሚያነበው ልጁ፣ ከት/ቤት ሲደወል የሚተረጉመው ያው ልጁ። ተከሳሹ ራሱ አስተርጓሚ የሆነበት ችሎት በዓለም ላይ ቢኖር የእኛ ቤት ነው። «ምን አሉ?» ሲባል «ጎበዝ ነው አሉ» ይላል፤ አባትም ደስ ብሎት ወደ ሌሊት ሥራው ይሄዳል። የሞንጎመሪ የትምህርት ቦርድ ስምንት አባላት አሉት። አንዱ ተማሪ ነው፤ የሚመርጡትም የመለስተኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ የ12 ዓመቱ ልጅህ ድምፅ ይሰጣል፤ አንተ ግን ዜግነትህን ካገኘህ አሥር ዓመት አልፎህ የሌሎቹን ሰባት ስም አታውቅም።

የአሜሪካንን ት/ቤት ላሞግስ እንዳልመጣሁም ይታወቅልኝ። ወረቀት ተርጉሞ መላክና ወላጅን ማሳተፍ አንድ አይደሉም። ውሳኔው ካለቀ በኋላ በአማርኛ ቢነገረን፣ ያው የቀበሌ ስብሰባ በሚያምር ወረቀት መሆኑ ነው። ሠራተኛ በማይመቸው ሰዓት ስብሰባ ጠርቶ «ሐበሾች አይመጡም» ማለትም ሰበብ ነው። ይህን ሁሉ መከራከር የሚቻለው ግን ሲገኙ ነው። ባዶ ወንበር አይከራከርም!

ጊዜውም እየከፋ ነው። ፕሬዚደንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲደርስ ያወጡት ትእዛዝ ማርች 1 ቀን 2025 ተሽሯል፤ እንግሊዝኛም የአገሪቱ ይፋ ቋንቋ ተብሏል። ት/ቤቶች ከወላጅ ጋር በሚገባው ቋንቋ የመነጋገር ግዴታቸውን በዝርዝር ያስረዳው የ2015 የፌዴራል መመሪያም በኦገስት 2025 ተነስቷል። ሕጉ ራሱ፣ የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ፣ አልተሻረም፤ የላላው ጠባቂው ነው። ጠባቂ ሲላላ ንብረቱን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው። በጀት ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሰው የማይጠቀምበት ነገር ነው። የዚያች አስተርጓሚ ሳጥን ሳይነካ በተመለሰ ቁጥር «አማርኛ አያስፈልገንም» ብለን በገዛ እጃችን እየፈረምን ነው።

መብቱን ያመጡልንም ሰዎች እንደኛው ወላጆች ነበሩ። በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖሩ የቻይና ተወላጅ ቤተሰቦች፣ ልጆቻቸው በማይገባቸው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መዋላቸው አድልዎ ነው ብለው ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1974 ፈረደላቸው። የእኛ መምህራን በሴክተር ሪቪው ምክንያት ሥራ ያቆሙበት ዓመት መሆኑ ነው። እዚያ ሳይነገረው የቀረው ሕዝብ መንገድ ወጣ፤ እዚህ ሳይገባው የቀረው ወላጅ ፍርድ ቤት ሄደ። እኛ ሁለቱንም ወርሰን ሶፋ ላይ ተቀመጥን!

ታዲያ ምን እናድርግ? ወገኔ፣ የይለፍ ቃሉን ዛሬ ማታ ከልጅህ ተቀበል። ልጅህን አስተርጓሚ አታድርገው፤ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በል፤ ይህን ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ ሁላችንም አለን። የልጅህን መዝገብ ለማየት ስትጠይቅ ት/ቤቱ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳይህ እንደሚገባ የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ልጅህ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገው እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመረመር ሲል ፈቃድህን መጠየቅ አለባቸው፤ ሳይገባህ አትፈርም። ታይትል ዋን ከሚባለው የፌዴራል ገንዘብ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኝ የት/ቤት አስተዳደር ቢያንስ 1 በመቶውን ለወላጆች ተሳትፎ ማዋል አለበት፤ በአወጣጡም ላይ ወላጆች ሐሳብ መስጠት አለባቸው። ስለዚህ «ምን ላይ ዋለ?» ብለህ ጠይቅ። ትናንት መዋጮ ትጠየቅ የነበርክ ሰው ዛሬ ሒሳብ ጠያቂ ነህ!

ማኅበሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ፣ የፖለቲካ ድርጅቶቻችንም ቢሆኑ የሰልፍ ቀን እንደሚያስታውቁ ሁሉ የትምህርት ቦርዱን ስብሰባ ቀን ያስታውቁ። ልቅሶ ቤት በተራ እንደምናድረው፣ ከአሥር ቤተሰብ አንድ ሰው በተራ ቢገኝና ለዘጠኙ ቢነግር ማንም አይጎዳም።

ልጆቻችን ያዩናል። አባቱ ለአገሩ ሲጮህ እያየ፣ በራሱ ት/ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ እጁን አውጥቶ ሲጠይቅ ያላየ ልጅ ጩኸቱን እንጂ ጥያቄውን አይወርስም። «መንግሥት ይጠይቀን» የምንል ሰዎች፣ ተጠይቀን መመለስን እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ መለማመድ እንችላለን፤ ማንም አያስረንም።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ሲመጣ «ወላጅ አምጣ» አልተባልንም። «ወላጅ ሆይ፣ ምን ትላለህ?» ነው የተባልነው። እስቲ አንድ ጊዜ አቤት እንበል።

ቸር ይግጠመን።