የሥራ ስንብትና የሕክምና ኢንሹራንስ

አሠሪ ለሠራተኞቹ የሚገባላቸው የሕክምና ኢንሹራንስ ለሠራተኛውም ለድርጅቱም ትልቅ ጥቅም የሚሰጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ውሉ ከሥራው ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው ደመወዙን ባጣበት ዕለት ኢንሹራንሱንም አብሮ ያጣል። የሐኪሙንና የመድኃኒቱን ዋጋ ከኪሱ እንዲከፍል የሚገደደው ኪሱ ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለተሰናባቹ ብቻ የሚተው ሳይሆን፥ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ነጋዴ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

በዚህ ችግር ብዙ ከተፈተኑት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም.፥ የደመወዝ ጭማሪ በሕግ ስለ ተገደበ፥ የዚያ አገር አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና ኢንሹራንስ መስጠትን አበዙ። ልማዱም ጸንቶ ኢንሹራንስ ከሥራ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሥራ ያጣ ሁሉ ሕክምና እያጣ መቸገሩ ከታየ በኋላ፥ በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኮብራ በሚል አጭር ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ካሉት ድርጅት የተሰናበተ ሰው፥ በከባድ ጥፋት ካልተባረረ በቀር፥ በዚያው ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ይቆይ እንደሆነ ለመወሰንም ቢያንስ 60 ቀን ይሰጠዋል። ሠራተኛው ሲሞት ደግሞ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ እስከ 36 ወር ይሸፈናሉ።

ሕጉ በጎ ቢሆንም ጉድለት አለበት። ተሰናባቹ ቀድሞ አሠሪው ይከፍልለት የነበረውን ጭምር ሙሉውን ዓረቦን፥ ከ2 በመቶ የአስተዳደር ወጪ ጋር፥ ራሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ለምሳሌ ወርኃዊው ዓረቦን 1,000 ብር ቢሆንና ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው 200 ብር ይከፍል ከነበረ፥ ሥራ ካጣ በኋላ የሚጠየቀው እስከ 1,020 ብር ይደርሳል። መብቱ ሳለ ገንዘቡ ስለሚጠፋ ብዙዎች ይተዉታል። የአሜሪካ መንግሥት በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላጡ ሰዎች ከዓረቦኑ 65 በመቶውን፥ በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለስድስት ወር ሙሉውን ለመሸፈን የተገደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚገኝ ትምህርት አለ። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ አሠሪው 11፥ ሠራተኛው 7 በመቶ እያዋጡ የሚጠራቀም ሆኖ፥ ሠራተኛው ወደ ሌላ ድርጅት ሲዛወር አገልግሎቱ አብሮት ይሄዳል። የሕክምና ኢንሹራንሱ ግን በበሩ ላይ ይቀራል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም፥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲዘገይ ቆይቷል። እስከዚያው ድረስ ክፍተቱን ማጥበብ በአሠሪውና በኢንሹራንስ ኩባንያው እጅ ነው።

እርግጥ ኩባንያዎች የሚያነሡት መከራከሪያ ከንቱ አይደለም። ከስንብት በኋላ በውሉ ለመቆየት የሚመርጡት በሽተኞቹ ብቻ ይሆናሉ፥ የሁሉም ዓረቦን በዚህ ምክንያት ይንራል ይላሉ። መልሱ ጊዜውን ማሳጠርና የውሳኔውን ቀን መቁረጥ ነው። አዲስ ሥራ እስኪገኝ የሚያሻግር ሦስት ወር ለኩባንያው ከባድ ሸክም አይሆንም፤ በሕክምና ላይ ላለ ሰው ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ አሠሪው ዓመታዊው ውል በሚታደስበት ጊዜ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ እንዲገቡ ቢጠይቅ ይበጃል። አንደኛ፥ የተሰናበተ ሠራተኛና ቤተሰቡ ለሦስት ወር በውሉ እንዲቆዩ፤ ሁለተኛ፥ የመጀመሪያውን ወር ድርሻ አሠሪው እንዲከፍል፥ የቀሩትን ሁለት ወሮች ሠራተኛው ከፈቀደ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሚገባው የስንብት ክፍያ ላይ በጽሑፍ ስምምነቱ እንዲቀነስ፤ ሦስተኛ፥ ይህ መብቱ በስንብት ደብዳቤው ላይ እንዲገለጽለት። አንድ ባለሱቅ ብቻውን ቢጠይቅ ኩባንያው ላይሰማው ይችላል፤ ብዙ ነጋዴዎች በምክር ቤታቸው አማካይነት በአንድ ቃል ቢጠይቁ ግን የሚሰማቸው አያጡም።

ወጪው ጥቂት፥ ትርፉ ብዙ ነው። ቢሰናበት እንኳ በሕመሙ እንደማይጣል የሚያውቅ ሠራተኛ በሙሉ ልቡ ይሠራል፤ በመልካም የተሸኘም ሰው የድርጅቱን ስም በገበያ በመልካም ያነሣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ጉዳዩ መታሰብ ያለበት የስንብት ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት፥ ውሉ በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ ነው።