ሞገድ የሌለው ወረቀት

ሐኪሞች ኤቢአር የሚሉት የአንጎል ግንድ የመስማት ምርመራ ተደርጎ ወረቀቱ ላይ ሞገድ ካልታየ፣ ለእናት «ልጅሽ አይሰማም» ማለት የችኮላ ፍርድ ነው። ወረቀቱ የሚነበበው ከልጁ የልደትና የሕመም ታሪክ ጋር ነው። ጦርነት ባመሳት የሱዳን ከተማ ኦምዱርማን ደግሞ ይህ ታሪክ በቀላሉ ይጠፋል።

ማሽኑ የሚለካው ነርቮች ድምፅ ሲደርሳቸው በአንድ ጊዜ የሚሰጡትን ምላሽ እንጂ መስማትን ራሱን አይደለም። በተኛ ሕፃን ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ ይለጠፋል፤ አጫጭር ድምፆች ወደ ጆሮው ይላካሉ፤ ከሺህ የሚበልጡ ምላሾች አማካይ ሲሰላ ሞገዶቹ ብቅ ይላሉ። ጁዌትና ዊሊስተን በ1971 እ.ኤ.አ. ለሞገዶቹ ተራ ቁጥር ሰጧቸው። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያለው ጊዜ በአዋቂ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ሲሆን በአራስ ወደ 5 ይጠጋል፤ የነርቭ መንገዱ ገና አልበሰለምና። አራስን በአዋቂ ልክ የሚያነብ ባለሙያ ጤነኛውን ሕፃን ሕመምተኛ ያደርገዋል። በመካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ ካለ ደግሞ ሞገዶቹ ሁሉ ይዘገያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ግን አይለወጥም።

ከባዱ ነገር ሞገድ ጨርሶ ሲጠፋ ነው። በአራስነቱ ክፉኛ ወፍ (የዓይንና የቆዳ ቢጫነት) የያዘውን ሕፃን በደሙ የበዛው ቢሊሩቢን የመስሚያ ነርቩን ሊጎዳበት ይችላል። የውስጥ ጆሮው ይሠራል፣ ነርቩ ግን ምላሹን በአንድ ጊዜ አይልክም። ልጁ ድምፅ እየሰማ ንግግር ሊምታታበት ይችላል፤ አንዳንዱም በወራት ውስጥ ይሻሻላል። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅም ተመሳሳይ ወረቀት ሊያወጣ ይችላል። የእሱ ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ጆሮው ነው፤ ያም ክፍል በሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንትነት መለወጥ ሊጀምር ይችላል፤ የውስጥ ጆሮ ተከላ የሚያስፈልገው ከሆነ ጊዜ አይሰጥም። ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን ልጅ በትዕግሥት መከታተል፣ ሌላውን ማጣደፍ ግድ ይላል። የሚለያቸው የውስጥ ጆሮ የሚመልሰውን ድምፅ የሚለካው ሌላው ምርመራና የሕመሙ ታሪክ ነው።

ሱዳን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የተነሣው ወረርሽኝም ካርቱምን ክፉኛ መትቷል። ኦምዱርማን እንግሊዛዊቷ አዋላጅ ሜብል ዎልፍ በ1921 እ.ኤ.አ. የአዋላጆች ትምህርት ቤት የከፈተችባት ከተማ ናት፤ እኔ እንደማምነው የአራሱን ዓይን ቢጫነት ቀድማ የምታይ አዋላጅ የዚህ ምርመራ የመጀመሪያ አንባቢ ናት። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በጦርነቱ ምክንያት ሰው ቤቱን እየጣለ ሸሽቷል፤ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የገቡ ኢትዮጵያውያንም አሉ። በጥድፊያ የወጣ ቤተሰብ የሆስፒታል ካርዱን ይዞ ለመውጣት አይታደልም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወፍ ይዞት በብርሃን ታክሞ እንደሆነ፣ ማጅራት ገትር ይዞት ወይም ጆሮን ሊጎዳ የሚችለውን ጄንታማይሲን የተባለ መድኃኒት ተወግቶ እንደሆነ በስልካችሁ ጻፉ፤ ለመርማሪው ሳትጠየቁ ንገሩ። መርማሪዎችም ያንን የውስጥ ጆሮ ምርመራ ሳታደርጉ ለእናት ፍርድ አትስጡ።