ፒያሳ ሰይጣን ቤቷን ትመልስ

አዲስ አበባ ሲኒማን የተቀበለችው በፍርሃት ነበር። ከቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ ራሱ «ሰይጣን ቤት» አለው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ የሌለ ሰው ግድግዳ ላይ ሲስቅ፣ ሲጣላ፣ ሲሞት፣ በማግሥቱ ደግሞ ተነሥቶ ያንኑ ሲደግም ያየ ሰው ሌላ ምን ስም ያውጣለት? ቤቱ በኋላ ሜጋ አምፊ ቴአትር ቢባልም የድሮው ስም አልለቀቀውም። ዛሬ ስሙ የሚነሣው ለቀልድ ነው፤ «አያቶቻችን እንዴት ፋራ ነበሩ» ለማለት።

ቀልዱ ቦታውን ስቷል። ሲኒማ ምን እንደሆነ ከኛ በተሻለ የገባቸው እነሱ ናቸው። ዛሬ በስልክ ላይ ፊልም እያየ መሀል ላይ ቴሌግራም የሚከፍት ሰው ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሙት ቢያይ አይገርመውም። ያ መገረም የሚመለስበት መንገድ ግን አለ፤ መንገዱም የሚያልፈው ብዙ ሰው ስማቸውን እንኳ ሰምቶ በማያውቃቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በአካባቢው በተሠሩ እንግዳ፣ ሕልም መሳይ አስፈሪ ፊልሞች በኩል ነው።

ማሪዮ ባቫን እንውሰድ። ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ካሜራማን ነበር፤ አባቱም በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የካሜራ ዘዴ የሚፈለስፍ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 «ኢ ቫምፒሪ» በተሰኘው ፊልም ላይ በካሜራ ሲሠራ አንዲት ቆንጆ ሴት በአንድ ቀረጻ፣ ያለ ምንም ቆረጣ፣ ተመልካች ፊት እንድታረጅ አድርጓል። ዘዴው የልጅ ጨዋታ ያህል ቀላል ነው። ፊቷ ላይ ሽብሽባቱ በቀይ ቀለም ይሣላል፤ መብራቱ ቀይ ሲሆን ጥቁርና ነጩ ፊልም ቀዩን አያየውም። መብራቱ ወደ አረንጓዴ ሲቀየር ሽብሽባቱ ጠቁሮ ይወጣል። ኮምፒውተር የለ፣ ብዙ ገንዘብ የለ። ሁለት ባለቀለም መብራትና አንድ የሚያስብ ጭንቅላት በቂ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱን «ላ ማስኬራ ዴል ዴሞኒዮ» (የጋኔኑ ጭንብል) ሠራ። ፊልሙ ሲጀምር ውስጡ ሹል ብረት የተተከለበት ጭንብል በአንዲት ጠንቋይ ፊት ላይ በመዶሻ ይመታል። እንግሊዞች ይሄን አይተው እስከ 1968 ድረስ ፊልሙን በሀገራቸው እንዳይታይ ከለከሉት። የሚገርመው ግን ከጭንብሉ ይልቅ ልብ ውስጥ የሚቀረው ሌላ ነገር መሆኑ ነው፤ ጭጋግ ውስጥ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ በዝግታ እንደሚንሳፈፍ ነገር የሚያልፍ ሠረገላ። ማንንም አይገድልም። ሠረገላ ብቻ ነው። ግን ሰው በሕልሙ ያየው ይመስል ለሳምንት አብሮት ይቆያል።

ለሐበሻ ተመልካች ከሁሉም የሚቀርበው «ኦፔራሲዮኔ ፓውራ» (1966) ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሐኪም አስከሬን ሊመረምር ወደ ገጠር መንደር ይመጣል። መንደርተኛው ሁሉ ገዳዩ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ይንሾካሾካሉ፣ መስኮት ይዘጋሉ፣ ሴትዮዋን ጠርተው በራሳቸው መንገድ ያስከላክላሉ። ሐኪሙ በትምህርቱ ተኩራርቶ ይስቅባቸዋል። ሀገር ቤት ሄዶ ስለ ቡዳ የጠየቀ የከተማ ልጅ ይሄን ዝምታ በደንብ ያውቀዋል። የምታስፈራው ነጭ ኳስ የያዘች ትንሽ ልጅ ናት፤ ጥርስ የላት፣ ቀንድ የላት፣ መስኮት ላይ ትቆምና ታያለች። ፌሊኒ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህችኑ ኳስ የያዘች ልጅ ወስዶ ሰይጣን አድርጎ በፊልሙ አቅርቧታል። ሐኪሙ አንድ ሰው ሲያባርር ከክፍል ወደ ክፍል ይሮጣል፤ ክፍሉ ግን ያው አንድ ክፍል ነው። ደጋግሞ ገብቶ፣ ደጋግሞ ወጥቶ፣ በመጨረሻ የሚያባርረውን ትከሻውን ይዞ ሲያዞረው የራሱን ፊት ያያል። ማብራሪያ የለውም። ማብራሪያ ቢኖረው ኖሮ ፊልሙ ይበላሽ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ሀገሩ ራሱ ሆረር ሆኖ ሆረር ማየት ምን ይባላል? ጦርነት፣ መፈናቀል፣ በየቀኑ የሚሰማ የሞት ዜና ባለበት፣ ጋኔንና ጭንብል የጠገበ ሰው ቅንጦት አይሆንም?

መልሱ ያለው ፊልሞቹን የሠሩት ሰዎች ዘመን ውስጥ ነው። ጆርጅ ፍራንዡ «ፊት አልባ ዓይኖች»ን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ፈረንሳይ ከናዚ ወረራ ከወጣች ገና 16 ዓመቷ ነበር። ታሪኩ አንድ የተከበረ ሐኪም በመኪና አደጋ ፊቷ ለተበላሸ ልጁ ሲል የሌሎች ሴት ልጆችን ፊት እየገፈፈ ሊተክልላት ሲሞክር የሚያሳይ ነው። ሐኪሙ ጭራቅ አይመስልም። በእርጋታ የሚናገር፣ ሰው ተሰብስቦ የሚያደምጠው፣ ልጁን የሚወድ አባት ነው። በነጭ ጋዋን ውስጥ ምን ሊደበቅ እንደሚችል አውሮፓ ባየችበት ማግሥት ይሄን ሐኪም ያዩ ተመልካቾች የሚያስታውሱት አላጡም። በዜና ያልተነገረው፣ በፍርድ ቤት ያላለቀው በሕልም ይመጣል። ፍራንዡ ያንን ሕልም ቀረጸው፤ ልጅቷ ምንም የማይገልጽ ነጭ ጭንብል አድርጋ በትልቅ ቤት ውስጥ ኮቴ ሳታሰማ ስትመላለስ። አንዲትም ቃል ስለ ጦርነት አይነሣም።

እኛ ስለራሳችን ጦርነት የምናወራው በሁለት ዓይነት ቋንቋ ብቻ ነው፤ በመግለጫና በስድብ። ሌሊት በሰው ሕልም ውስጥ የሚሆነውን የሚናገር ሦስተኛ ቋንቋ ገና አላገኘንም። ቅንጦት የሚለው ክስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ክስ የሃይማኖት ነው፤ «አጋንንት የሚጠራ ፊልም» የሚለው። በዚህ ላይ ብዙ መሟገት አያስፈልግም፤ ሕሊናው የማይፈቅድለት ሰው አይመልከት። ጋኔን የሚባል ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው የሠራው ፊልምና፣ ጋኔን አለ ብሎ የሚያምን ተመልካች ሲገናኙ ግን የሚያተርፈው ተመልካቹ ነው። ፓሪስ ላይ የሚስቁበት ቦታ እሱ ያማትባል።

እነዚህ ፊልሞች ሁሉ ጥሩ ናቸው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ቀሽም ናቸው። የሴትን ገላ ለማሳየት ብቻ መቃብር የሚከፍቱ አሉ፤ ዣን ሮላን የተባለው ፈረንሳዊ በግንቦት 1968 ፓሪስ በአመፅ ስትታመስ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሲያወጣ ተመልካቹ በቁጣ ጮኸበት፤ ዛሬም ቢሆን ከተመልካቹ ጋር የሚስማማ አይጠፋም። የጣሊያኖቹ ድምፅ የሚቀዳው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ስለነበር ከንፈርና ቃል አይገጥምም። ይሄ ግን ለኛ ችግር ሊሆን አይችልም። ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያስወራ ከንፈርን ችላ ማለት ሀገር ሙሉ ተለማምዷል። እንዲያውም ድምፁ ከአፍ ሳይሆን ከሌላ ቦታ የሚመጣ መምሰሉ ለሕልም ይስማማል።

ነገሩ ከፒያሳ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ሰፈሮቹን በስማቸው ይጥራቸውና ይፍረድ፤ እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሰባራ ባቡር። ባቫ ቢሰማቸው ሦስት ፊልም ይሠራባቸው ነበር። «እሪ» ብለው ማንም የማይደርስበት ሰፈር! ከዚህ የተሻለ ርዕስ የትኛው ደራሲ ያወጣል? በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ደግሞ አራዳ ራሷ ሕልም መምሰል ጀመረች። ሰው ዛሬም አቅጣጫ የሚጠቁመው በሌሉ ቤቶች ነው። «ከድሮው እንትን ቤት ፊት ለፊት» ይባላል፤ እንትን ቤት የለም፣ ፊት ለፊቱም የለም፣ ጠያቂው ግን ይገባውና ይሄዳል። ሙታን ቤቶች መንገድ እያሳዩ ነው። ይሄን የሚቀርጽ አንድ የአማርኛ ፊልም ግን እስካሁን ለዓይን አልሞላም፤ ያለው አሁንም ሀብታም ልጅ ደሃ አፍቅራ አባቷ የሚቆጣበት ነው።

ሰበቡ ሁልጊዜ በጀት ነው። በጀት የሚለው ሰበብ በባቫ ሁለት መብራት ፊት አይቆምም። ደግሞም ሕልም ለሀገራችን ሲኒማ ባዕድ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ» ውስጥ ሰው እንደ በሬ ተጠምዶ የሚያርስበትን ሕልም አሳይቶናል፤ ከየትኛውም ቫምፓየር የበለጠ የሚያስፈራ ትዕይንት ነው። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአማርኛ፣ በዳንኤል ታደሰና በሰላም ተስፋዬ ተዋናይነት «ክራምብስ»ን ሠራ። ከዓለም ፍጻሜ በኋላ፣ ሰማይ ላይ የዛገ ጠፈር መርከብ ተንጠልጥሎ፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚከበርበት ኢትዮጵያ። ውጭ አገር በየፌስቲቫሉ ዞሯል። እዚህ ስንቱ አይቶታል? መሬቱ የኛ፣ ቋንቋው የኛ፣ ሕልሙን ለማየት ግን እንግዳ ሰው አስፈለገ። ይሄ ትንሽ ሊያስቀና ይገባል።

ማሳያ ቦታ ሊጠፋ አይችልም። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር የሚሉት ስሞች ለፒያሳ ሰው ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም፤ ከ1907 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴም እዚያው ፒያሳ ነው፤ የፍራንዡን ፊልም ለማሳየት ከእሱ የሚቀርብ ማን አለ? በወር አንድ ማታ ይበቃል። ስልክ ይጠፋ፣ መብራት ይጥፋ፣ ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ይኑረው። ጽሑፉን በነፃ የሚሠሩ የቋንቋ ተማሪዎች አይጠፉም፤ ለሻይ ብቻ ይታሰብላቸው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ኳስ የያዘችው ልጅ ፊልም ነው። ከጭንብሉ ቢጀመር ግማሹ ሰው በአምስተኛው ደቂቃ ይወጣል። ሲያልቅ የታክሲ ሰልፉ እንዳይረዝም ማሳያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ፊልም በኋላ ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ ብቻውን በእግሩ መውረድ የሚፈልግ ካለ ደግሞ መብቱ ነው።