ስለ አደን ውሻ ፈተና

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ፥ በዴራ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ውሻ የሚያሳድረው ለጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ እንዳይደፍር፥ ከርከሮና ጃርት እርሻውን እንዳያጠፉበት፥ እረኛ ልጁም በዱር ብቻውን እንዳይውል ሲል ነው። ይሁን እንጂ ይህ ውሻ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚጐድለው መርምሮ ለባለቤቱ የሚነግረው ሰው የለም። ባለቤቱ «የኔ ውሻ ጐበዝ ነው» ይላል፤ ጎረቤቱም ስለ ራሱ ውሻ ይህንኑ ይላል። ማስረጃ ቢጠየቁ ሁለቱም የሚቈጥሩት ውሻው ያባረረውንና የገደለውን ነው፤ በተጠራ ጊዜ መመለሱን ግን የሚያነሣው የለም።

በሌላው ዓለም ይህን ጕዳይ ሥራዬ ብለው የያዙ ማኅበሮች ከተቋቋሙ ቈይተዋል። በእንግሊዝ አገር፥ ሳውዝሂል በሚባል ስፍራ የአደን ውሾች በሜዳ የተፈተኑት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1865 ነው። (ከዚህ በታችም ዓመተ ምሕረት ብለን ካልለየነው በቀር ዘመኑ ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) ጀርመኖች ደግሞ ለያንዳንዱ ሥራ አንዳንድ ውሻ ከማሳደር ይልቅ አንዱ ውሻ ብዙ ሥራ እንዲችል ወደዱ። ባሮን ሲጊስሙንድ ፎን ሴድሊትስ የተባሉ መስፍን «ሄገቫልድ» በሚል የብዕር ስም እየጻፉ ይህን አሳብ አስፋፉ፤ በ1899 ዓመትም የጀርመን የአደን ውሻ ማኅበሮች ኅብረት ተመሠረተ። በሰሜን አሜሪካም በ1969 የሁለገብ አደን ውሾች ማኅበር ተቋቁሞ በየክፍለ አገሩ ቅርንጫፍ አበጀ። ሁለገብ የሚባለው ውሻ በሜዳ ወፍ አሽትቶ ቆሞ የሚጠቁም፥ የሸሸውን በፍለጋው ተከትሎ የሚያገኝ፥ ውኃም ገብቶ የወደቀውን የሚያመጣ ነው።

ፈተናው እሽቅድምድም አይደለም፤ ነገሩን ያስወደደንም ይኸው ነው። ውሻው ከባልንጀራው ጋራ አይወዳደርም፤ አስቀድሞ በተጻፈ ሕግ ለብቻው ይመዘናል እንጂ። ስለዚህ በአንድ ቀን የቀረቡት ሁሉ ማለፍ ይችላሉ፤ ሁሉም መውደቅ ይችላሉ። በአሜሪካው ማኅበር የመጀመሪያው ፈተና ዕድሜያቸው ከ16 ወር ላልበለጠ ቡችሎች የተወሰነ ሲሆን፥ የሚመረመረውም ትምህርታቸው ሳይሆን ተፈጥሮአቸው ነው። ከ112 ነጥብ 24ቱ ለአፍንጫ የተሰጠ ነው፤ የቀረው ለፍለጋ፥ ለውኃ፥ ለጠቋሚነት፥ ለዱካ መከተል፥ ለሥራ ፍቅርና ከጌታው ጋራ ለመተባበሩ ይከፈላል። ሦስት ዳኞች ከውሻው ኋላ እየተከተሉ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያህል በሜዳ ያዩታል። ባዶ ጥይትም ይተኰሳል፤ ይህ የሚደረገው ከድምፅ የሚደነግጠው እንዲታወቅ ነው።

ላደገው ውሻ የተሠራው ፈተና ይልቁን የጠነከረ ነው። ዳክዬ ለመፈለግ በረግረግ ውስጥ አሥር ደቂቃ መድከም አለበት፤ ተጐትቶ የተወሰደ ወፍ ያለበትን በሽታው ብቻ አግኝቶ ማምጣት አለበት። ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ምንም አለማድረግ ነው። ጌታው «ቈይ» ብሎ ትቶት ከዓይኑ ይሰወራል፤ ወዲያ ማዶ ጥይት ይተኰሳል፤ ውሻው ደሙ እየፈላ ባለበት መቈየት ይኖርበታል። ወፉም ከፊቱ ሲበር ማሳደድ ሳይሆን መቆም ነው የሚያስከብረው። በኛ አገር «ጐበዝ» የምንለው ውሻ ብዙ ጊዜ በዚህ ሚዛን ቢቀመጥ ይወድቃል፤ ሲያባርር የጎረቤቱን ፍየል ከሚዳቋ አይለይምና።

ይህን ሁሉ የሚያሰናዳው ትልቁ ማኅበር ሳይሆን የሰፈሩ ቅርንጫፍ ነው። ከወራት አስቀድሞ ቀን ይቈርጣል፤ የመሬቱን ባለቤት ያስፈቅዳል፤ አንድ ጸሐፊ የውሾቹን ስምና መዋጮውን ይሰበስባል፤ አንዱ ወፍ ያዘጋጃል፥ ሌላው ምሳ። ቀኑ ሲያልቅ የያንዳንዱ ውሻ ነጥብ ከነምክንያቱ በሁሉ ፊት ጮኽ ተብሎ ይነበባል። አድልዎ አለ የሚል ሰው ቢኖር በዚያው ይጠይቅ።

እንግዲህ የዴራና የአካባቢው ወጣቶች እንዲህ ያለ ማኅበር ቢያቋቁሙ ከምን ይጀምሩ? እንደኛ አሳብ ከሽልማት ሳይሆን ከመሬት ምርጫ ይጀምሩ። በዴራ አጠገብ የቆላ አጋዘን የሚኖርበት የዴራ ዲልፈቃር ፓርክ አለ። ወደዚያ ውሻ ይዞ መግባት አይታሰብ፤ ከወሰኑ አጠገብም ውሻ ባይለቀቅ ይመረጣል፤ የተለቀቀ ውሻ የድንበር ምልክት አያነብምና። በ1999 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ስለዚህም ማኅበሩ «አደን» የሚለውን ቃል በስሙ ቢጽፍም በሥራው ምንም እንስሳ የማይገደልበት ፈተና ማዘጋጀት አለበት።

ይህም የሚቸግር አይደለም። በዱር ቆቅና ጅግራ ፋንታ ከገበያ የተገዛ እርግብ በቅርጫት ተከድኖ በሣር ውስጥ ይደበቃል፤ ውሻው አሽትቶ ሲቆም ቅርጫቱ ይከፈታል፥ እርግቢቱም ወደ ቤቷ ትበራለች። ለዱካው ፈተና ለወጥ የታረደች ዶሮ በገመድ ታስራ በመሬት ላይ ብትጐተት ይበቃል። ለሚመጣው ዕቃ በገለባ የተሞላ የጨርቅ ጥቅልል ይሰፋል። ጥይቱንም ቢሆን ጅራፍ ይተካዋል፤ ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ከጠመንጃም ይልቅ ለመንደር ይመቻል።

የውኃው ፈተና ግን ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዋሽ ቅርብ ነው ብሎ ውሻን ወደዚያ መስደድ ስሕተት ነው፤ በአዋሽ አዞ አለ። ለውሻው ብቻ ሳይሆን ጥቅልሉን ሊወረውር ዳር ለሚቆመው ልጅም እንፈራለን። ገበሬዎች የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙበት ኵሬ ካለ ባለቤቱን አስፈቅዶ በዚያ ማድረግ፥ ከሌለም በዚያ ዓመት የውኃውን ፈተና መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። የፈተና ቀን ውሾች የሚሰበሰቡበት ቀን ነው። ከዴራ ብቻ ሳይሆን ከኢተያ፥ ከአሰላ፥ ከሳጉሬም ባለውሾች ይመጣሉ። ውሾቹ በአንድ ሜዳ ይተያያሉ፥ ይሻተታሉ፥ አንዳንዶቹም ይናከሳሉ፤ በማግሥቱም ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። ከመካከላቸው አንዱ የእብደት በሽታ ቢኖረው ማኅበሩ በአንድ ቀን በሽታውን በአርሲ ከቆላ እስከ ደጋ አከፋፈለ ማለት ነው።

በደጋው የሚጠብቀው ጕዳት ደግሞ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ቍጥሩ በጠቅላላው 500 ያህል ሲሆን፥ አብዛኛው በባሌ፥ ከዚያም በአርሲ ተራሮች ይኖራል። በ1991 እና በ1992 በባሌ የእብደት በሽታ ከከብት ጠባቂዎች ውሾች ተላልፎ በአንዳንዱ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጀ፤ በ2003፥ በ2008 እና በ2014ም ተመልሶ መጣ። በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ድርጅት የገበሬውን ውሾች ሲከትብ ኖሯል፤ ከ2018 ወዲህም ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተሰወረ የሚበላ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። የደጋ አጋዘንም የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሻለቃ አይቮር ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ገድሎ ቆዳውን ወደ ሎንዶን ቢወስድ፥ በ1910 ሊቃውንት በባክስተን ስም ጠሩት፤ የአርሲ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር። ይህንንም እንስሳ ሥርዓት ያልተማረ ውሻ ያሳድደዋል።

ቀበሮና አጋዘን የሩቅ ነገር የሚመስለው ወላጅ ቢኖር ልጁን ይመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ያበደ ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ 40ው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋራ ይጫወታልና፥ ሲነከስም ቍጣ ፈርቶ ይደብቃልና ነው። የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ለተከተበ ግን መዳኛ አለው። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ ወር 1885 በውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን በመርፌ ካተረፈው ወዲህ ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ የተነከሰው ስፍራ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ልጁም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሥርና ቅጠል ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ የልጁን ሕይወት የሚበላ ጊዜ ነው። እናቶችም ልጁ ቢናገር እንዳይቀጣ አስቀድመው ይንገሩት።

ይኸው ድርጅት እንደሚያስረዳው በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ይህን ቍጥር መንግሥት ብቻውን በመንደር ውስጥ ሊያደርሰው ያስቸግረዋል፤ የማን ውሻ የት እንዳለ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነውና። የውሻ ማኅበር ጥቅሙ በዚህ ይገለጣል። ለፈተና የሚመጣ ውሻ ሁሉ ክትባት ከተወጋ ቢያንስ 30 ቀን ያለፈው፥ ከአንድ ዓመትም ያልበለጠው መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ያሳይ፤ ወረቀት የሌለው፥ ጌታው ማንም ቢሆን፥ ወደ ሜዳው አይግባ። በዚህ አንድ ሕግ ላይ ማኅበሩ ለባለጠጋና ለሹም ፊት ካየ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ነጥብ ሁሉ ዋጋ የለውም። ክትባቱንም ለማኅበርተኛው ብቻ ሳይሆን ለፈተና የማይመጣው የመንደር ውሻ ጭምር በአንድ ቀን ቢያስደርግ፥ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አንድ ጊዜ መጥቶ ብዙ ሥራ ሠርቶ ይመለሳል።

በአርሲ ብዙ እስላምና ክርስቲያን ቤተ ሰብ ጎን ለጎን ይኖራል፤ በሁለቱም ዘንድ ውሻን ከቤት ውስጥ ማስገባት የማይወድ አለ። ይህ ለፈተናው እንቅፋት አይሆንም። በእስልምናም ዘንድ ለአደንና ለከብት ጥበቃ የሚሆን ውሻ ማሳደር የተፈቀደ ነው። ውሻው በደጅ ቢያድር፥ የራሱ ገበታና የራሱ ጥላ ቢኖረው ይበቃዋል። ከዚህ ይልቅ የሚጐዳው አያያዙ ነው፤ አንዱ ሲጠራው ሌላው ሲደበድበው፥ ልጆቹ በድንጋይ ሲያባርሩት የዋለ ውሻ በሜዳ ለጌታው ድምፅ አይመለስም። በቤቱ ውስጥ አንድ የመጥሪያ ቃል ይኑር፤ አባትም እናትም ልጆችም በዚያው ቃል ይጥሩት፤ ሲመጣም ይደነቅ እንጂ አይመታ። ሲመጣ የተመታ ውሻ ሁለተኛ አይመጣም።

የፈተናው ወራት እህል ከተሰበሰበ በኋላ፥ በታኅሣሥና በጥር ቢሆን ይሻላል፤ ቆቅና ጅግራ በዝናብ ወራት ይጫጫሉና ያን ጊዜ ውሻ በሣር ውስጥ አይለቀቅ። ዴራ ሞቃት ነው፤ መሬቱ ሲደርቅ ሽታ ይጠፋል፥ ውሻውም በሙቀት ይጐዳል። ስለዚህ ጤዛው ሳይረግፍ ተጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ ይፈጸም፤ ለውሾቹ ውኃ በጥላ ይቀመጥ። ተራው በዕጣ ይውጣ። ተራው ያልደረሰው ውሻ ሁሉ በገመድ ታስሮ፥ ከሌላው ርቆ ይጠብቅ። ዳኞቹም ከዚያ መንደር ያልሆኑ፥ ከቀረቡት ውሾች በአንዱም ጥቅም የሌላቸው ሦስት ሰዎች ይሁኑ።

ፈተናው በጥር ከሆነ ክትባቱ እስከ ኅዳር ማለቅ አለበት፤ መዝገቡም ከዚያ በፊት መከፈት አለበት፤ በውስጡም የውሻው ስም፥ መልኩ፥ ዕድሜው፥ የባለቤቱ ስምና የተከተበበት ቀን ይጻፍ። መዝገቡን ለመያዝ ጽሕፈቱ የሚነበብ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ ቢመረጥ እንወዳለን። በየቤቱ ያለውን ውሻ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ ልጆቹ በስሙ ያውቁታል።